ውሃው በማን ማሳ ይውረድ? ከጉማራ ራስጌ የተያዘ የተፋሰስ ሥራ ማስታወሻ

ቦታው የጉና ተራራ ምዕራባዊ ተዳፋት ነው። ጅረቱ ጉማራ ይገባል፤ ጉማራ ደግሞ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይደርሳል። ንዑስ ተፋሰሱ 310 ሄክታር ሲሆን፣ የግብርና ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. ባወጣው የማኅበረሰብ አቀፍ ተፋሰስ ልማት መመሪያ ለአንድ የዕቅድ ክፍል በተቀመጠው ከ200 እስከ 500 ሄክታር ውስጥ ይወድቃል። ማስታወሻው ከኅዳር እስከ መስከረም ያለውን ይይዛል።

ኅዳር 8፣ ወሰን ማካለል

ሥራው የተጀመረው ከታች፣ ጅረቱ ጉማራን ከሚቀላቀልበት ነጥብ ነው። ከዚያ ሸንተረሩን ይዞ መውጣት፣ በየ50 ሜትሩ የጂፒኤስ ነጥብ መያዝ፣ ጫፉ ላይ ዞሮ በወዲያኛው ሸንተረር መውረድ። ከላይ የጀመረ ሰው የጎረቤት ተፋሰስ ውስጥ ገብቶ ሊወርድ ይችላል፤ ከታች የጀመረ ግን ውሃው የሚሰበሰብበትን ነጥብ ስለሚያውቅ አይስትም። አጠራጣሪ ቦታ ሲያጋጥም ጥያቄው አንድ ነው፦ እዚህ የወደቀ ዝናብ ወዴት ይሄዳል? መልሱን የሚያውቀው በክረምት ከብት የሚጠብቀው ልጅ ነው፤ ስለዚህ ሁለት እረኞች አብረው ዞረዋል።

ካርታው ላይ ያልታየ ነገር ተገኘ። የጠጠር መንገዱ የጎን ቦይ ከአጎራባች ተፋሰስ የመጣ ውሃ ሰብስቦ በአንድ ቱቦ ወደዚህ ይለቀዋል። ትልቁ ቦረቦር የሚጀምረው ከቱቦው አፍ 30 ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። በመሬት አቀማመጥ የመንገዱ ውሃ የእኛ አይደለም፤ በጉዳት ግን የእኛ ነው፤ ስለዚህ ስሌቱ ውስጥ ገብቷል።

ተፋሰሱ ሁለት ቀበሌ ይነካል። የዕቅድ ቡድኑ 13 ሰው ሆኖ ከሁለቱም ተመርጧል፤ 5 ሴቶችና 2 መሬት የሌላቸው ወጣቶች አሉበት። ቡድኑ ያቅዳል፤ የሚያጸድቀው ግን ጠቅላላ ጉባኤው ነው።

ኅዳር 14፣ የመሬት ላይ ካርታ

አውድማ ላይ በአመድ ሸንተረር፣ በሰማያዊ ክር ጅረት፣ በድንጋይ ቤት፣ በቅጠል የግጦሽ መሬት ተደርጎ ተፋሰሱ ተዘረጋ። ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ ሠሩ። ወንዶቹ ያስቀመጡት ምንጭ 3 ነው፤ ሴቶቹ 7። ከሰባቱ ሁለቱ በመጋቢት ይደርቃሉ፣ አንዱ ደግሞ ባሕር ዛፍ ከተተከለበት ወዲህ ቀንሷል ተብሏል። ካርታው ከመፍረሱ በፊት ፎቶ ተነስቶ በትልቅ ወረቀት ተገልብጧል።

ምንጮቹ በ20 ሊትር ጀሪካንና በስልክ ሰዓት ተለኩ። ጀሪካኑ በ40 ሰከንድ ከሞላ 0.5 ሊትር በሰከንድ ነው። ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ይገባል። ልኬቱ የሚደገመው በሚያዝያ፣ ምንጩ ከሁሉ ጊዜ በሚደክምበት ወር ነው። የኅዳር ቁጥር ከኅዳር፣ የሚያዝያ ከሚያዝያ ጋር ብቻ ይነጻጸራል።

ኅዳር 24፣ ተዳፋትና አፈር

ከጫፍ እስከ ግርጌ በሦስት መስመር ተወርዷል። በየ100 ሜትሩ ተዳፋት፣ የአፈር ጥልቀት፣ ያለው ሰብል ወይም ሣር ተመዝግቧል። ላይኛው ክፍል ድንችና ገብስ፣ መካከሉ ቀይ አፈር ላይ ጤፍና ስንዴ፣ ግርጌው ዋልካ። በ2016 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ እስኪተካ ድረስ ሲሠራበት በነበረው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 የሰፈረው ወሰን መለያችን ሆኗል፦ ከ60 በመቶ በላይ የተዳፋ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ አይውልም፤ ከ30 እስከ 60 በመቶ ባለው ላይ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው አግዳሚ እርከን ተሠርቶ ብቻ ነው። ከላይ 41 ሄክታር ወደ ከለላ፣ ማለትም ከእርሻና ከልቅ ግጦሽ ተጠብቆ እንዲያገግም ወደሚተው መሬት፣ የሚገባ ተለይቷል።

ታኅሣሥ 10፣ የመፋሰሻው ድርድር

ከዚህ ዕቅድ ሁሉ የሚከብደው ቀን ይህ ነው። የተሳሳተ የተፋሰስ ዕቅድ ስህተቱ የሚጀምረው ከእርከኑ ሳይሆን ከእርከኑ ጫፍ ነው። እዚህ አካባቢ ክረምቱ ብርቱ ነው። ቀይ አፈሩ በሐምሌ አጋማሽ ይጠግብና ከዚያ በኋላ የወረደው ዝናብ አብዛኛው ትርፍ ውሃ ይሆናል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ በማሳው ላይ በማረሻ ፈሰስ ያወጣል። ባለሙያው መጥቶ ዝናብ አጠር ለሆነ አገር የተነደፈውን ማዘንበል የሌለው እርከን፣ ውሃ አቁሞ የሚይዘውን፣ ሲያስቀምጥ ውሃው መውጫ ያጣና ከሁሉ በደከመችው ቦታ ሰብሮ ይሄዳል። የሰበረበት ቦታ በሁለት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። በጎጃም ደንበጫ አቅራቢያ በአንጀኒ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራው ፋንያ ጁ (ከቦዩ የወጣው አፈር ወደ ላይኛው ጎን የሚከመርበት እርከን) እስካሁን ቆሞ ወደ አግዳሚ እርከንነት የተለወጠው፣ ወደ መፋሰሻ፣ ትርፍ ውሃን ወደ ታች ወደሚያወርደው ቦይ፣ የሚያዘነብል ሆኖ ስለተሠራ ጭምር ነው።

እንግዲህ ትርፍ ውሃው በሰው ማሳ በኩል መውረድ አለበት። ስብሰባው ላይ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ እርከኑንስ እንሠራዋለን፤ ውሃውን ለማን ነው የምትሰጡት?» ሲሉ ጠየቁ። የቀኑ አጀንዳ እሱ ነበር።

ቁጥሩ ተዘርግቶ ታየ። በላይኛው 6 ሄክታር ላይ የጎርፍ መጠን በሰከንድ ሲሰላ፦ ከዝናቡ ወደ ጎርፍ የሚለወጠው ድርሻ 0.5፣ የዝናብ ጉልበት በሰዓት 80 ሚሊ ሜትር፣ ስፋት 6 ሄክታር፣ ተባዝቶ ለ360 ሲካፈል 0.67 ሜትር ኩብ። ከእርከኖቹ የሚመጣው ሲጨመር ወደ 1.1 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ይህን የሚያወርድ መፋሰሻ ርዝመቱ 140 ሜትር፣ የታች ስፋቱ 3 ሜትር፣ ከነዳሩ 4 ሜትር ነው። የሚወስደው መሬት 560 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 0.056 ሄክታር። ለሰፈሩ ትንሽ ነው፤ በአንድ ሰው ማሳ መሃል ካለፈ ግን ማሳውን ለሁለት ይከፍለዋል፣ በሬ አዙሮ ለማረስም ያስቸግራል።

ስምምነቱ እንዲህ ሆነ። መፋሰሻው የሁለት ባለይዞታዎችን ወሰን ተከትሎ ይወርዳል፣ ከየግራና ቀኙ 2 ሜትር ይወሰዳል። ወሰኑ በሚጣመምበት 35 ሜትር ላይ በሦስተኛው ሰው ማሳ ዳር ያልፋል። በመፋሰሻው ላይ የሚበቅለው ሣር የሦስቱ ባለይዞታዎች ብቻ ነው። ከሕዝብ ሥራው 20 ቀን ውስጥ 8 ቀን ይቀነስላቸዋል። ሁሉም በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ በሁለቱም ቀበሌ ተፈርሟል። የመንገዱ ቱቦ ውሃም በዚሁ እንዲወርድ መንገዱን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ተጠይቋል።

የግርጌው ተወካዮች የጠየቁት ሌላ ነው፦ ደለሉ ይቀንሳል ወይ? ጉማራና ርብ የሚያመጡት አፈር የወንዙን ወለል ሲያነሳው ወንዙ ከአፋፉ ወጥቶ ሩዙን ይሸፍናል። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ከፎገራ ሰው አእምሮ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ የታየው እንቦጭም ከማሳ በሚታጠብ ንጥረ ነገር ይጠቀማል። መልሱ በግልጽ ተሰጥቷል። የጉማራ ተፋሰስ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ይህ ሥራ ከሦስት መቶ አንድ እጁን ቢነካ ነው። የግርጌው ሰው በዚህ ዓመት ለውጥ እንደሚያይ ቃል መግባት አይገባም። ሊታይ የሚችለው በዚህች ጅረት መውጫ ላይ የሚለካው ነው።

ጥር 8፣ ልኬት

ዕቃው፦ 1.5 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች፣ 10 ሜትር የናይሎን ሲባጎ፣ ሲባጎው ላይ የሚንጠለጠል የውሃ ልክ፣ ችካልና መዶሻ። ሦስት ሰው ይበቃል።

ሲባጎው ለሁለት ታጥፎ ልክ 5 ሜትሩ ላይ በቀይ ክር ይታሰራል። የውሃ ልኩ የሚሰቀለው እዚያ ብቻ ነው። የልኩ ክብደት ሲባጎውን ትንሽ ያረግበዋል፤ መሃል ላይ ሲሆን ግራና ቀኙ እኩል ስለሚረግቡ አረፋው እውነት ይናገራል፣ አንድ ክንድ ወደ ጎን ከተሰቀለ ግን ይዋሻል። ጠዋት ከሥራ በፊት ልኩ ይፈተሻል፦ አረፋው መሃል ሲሆን ሁለቱን ዘንግ ሳያንቀሳቅሱ ልኩን ብቻ አዙሮ መስቀል። አረፋው ከመሃል ከሸሸ ዕቃው ተበላሽቷል፣ ይጣላል። ነፋስ ከተነሳ በኋላ ሲባጎው ስለሚወዛወዝ ልኬት የሚሠራው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ነው።

እርከኑ 0.5 በመቶ ማዘንበል አለበት፤ በ10 ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። በመጀመሪያው ዘንግ ሲባጎው በ1 ሜትር ላይ፣ በሁለተኛው በ1.05 ሜትር ላይ ይታሰራል። አረፋው መሃል ሲሆን ሁለተኛው ዘንግ የቆመበት መሬት 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል። ስለዚህ ሁለተኛው ዘንግ ሁልጊዜ ወደ መፋሰሻው በኩል ይሆናል። ዘንጎቹ ከተለዋወጡ እርከኑ ውሃውን ወደ ኋላ፣ ወደ ማሳው መሃል ይወስደዋል። የሁለተኛው ዘንግ ጫፍ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ ቀይ ወደ ውሃ መውረጃ።

በ12 በመቶ ተዳፋት ላይ የከፍታ ልዩነቱ 1.5 ሜትር ከሆነ በእርከንና በእርከን መካከል 12.5 ሜትር ይሆናል፤ በሄክታር 800 ሜትር እርከን። በኪሎ ሜትር 150 የሰው ቀን በሚለው የሥራ ደንብ 120 የሰው ቀን በሄክታር ይጠይቃል። የእርከኑ ግርጌ 1.2 ሜትር፣ ቦዩ 85 ሴንቲ ሜትር፣ በመካከል የሚተወው 25 ሴንቲ ሜትር ሲደመር 2.3 ሜትር ነው። ከማሳው 18 በመቶ ከእርሻ ይወጣል ማለት ነው። ገበሬው እርከኑን በየዓመቱ በማረሻ የሚቆርሰው ለዚህ ነው። ይህን እንደ ስንፍና መቁጠር ስህተት ነው፤ ያቺ 18 በመቶ ሣር ካልሰጠችው እርከኑ ለእሱ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ እርከን የደሾ ሣር ችግኝ በዕቅዱ ውስጥ አብሮ ተይዟል።

ጥር 20 እስከ የካቲት 26፣ ሥራ

240 አባወራና እማወራ፣ በየቤቱ አንድ ሰው፣ 20 ቀን፤ 4,800 የሰው ቀን። ወሩ ላይ 30 ቀን አለ ብሎ ማቀድ ግን አይሠራም። ቅዳሜና እሑድ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም፣ በዓለ ወልድ ሲወጡ መሬት የሚቆፈርበት ቀን ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። 20 ቀኑ ከአምስት ሳምንት በላይ ተዘርግቷል።

ቅደም ተከተሉ ከተለመደው ዘመቻ ይለያል። መጀመሪያ መፋሰሻውና የጎርፍ መቀልበሻው፣ ከዚያ ቦረቦሩ፣ እርከን በመጨረሻ። መፋሰሻው ሣር ይዞ አንድ ክረምት ሳያልፍበት እርከን አይገናኘውም። ዘንድሮ እርከን የሚሠራው ድንጋያማ የተፈጥሮ መውረጃ ባለበት 18 ሄክታር ላይ ብቻ ነው፤ 2,160 የሰው ቀን። በኪሎ ሜትር ለሚቆጠር ሪፖርት ይህ ዝቅተኛ ነው፤ ግን ትክክለኛው ይህ ነው።

መቀልበሻ ቦይ፦ ርዝመት 180 ሜትር፣ የታች ስፋት 80 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀት 60 ሴንቲ ሜትር፣ ጎኑ አንድ ለአንድ የተዘነበለ። የቦዩ ሆድ 0.84 ካሬ ሜትር ነው፤ 0.67 ሜትር ኩቡን በሰከንድ 0.8 ሜትር ፍጥነት ያሳልፋል። ለዚህ ፍጥነት የሚያስፈልገው ማዘንበል 0.25 በመቶ፣ ማለትም በ10 ሜትር 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ወደ 1 በመቶ ቢወጣ ፍጥነቱ 1.6 ሜትር ደርሶ ባዶውን አፈር ይበላዋል። የተቆፈረው 151 ሜትር ኩብ በቀን 0.7 ሲሰላ 216 የሰው ቀን ወስዷል። አፈሩ ወደ ታችኛው ጎን ይከመራል፣ ከአፋፉ 25 ሴንቲ ሜትር ተትቶ።

መፋሰሻ፦ ተፈጥሯዊ ተዳፋቱ 12 በመቶ ስለሆነ ውሃው እንዳለ ቢለቀቅ ድንጋይ ይነቅላል። በየ5 ሜትሩ 45 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ ሲገባ በደረጃዎቹ መካከል ያለው ማዘንበል ወደ 3 በመቶ ይወርዳል። 28 ደረጃ ተሠርቷል። እያንዳንዱ 30 ሴንቲ ሜትር መሠረት አለው፣ በየጎኑ 50 ሴንቲ ሜትር አፋፉ ውስጥ ይገባል፣ ከሥሩ 1 ሜትር የድንጋይ ንጣፍ አለው። ንጣፉ የተረሳ ደረጃ የሚወድቀው ከሥር ተቦርቡሮ ነው። በደረጃዎቹ መካከል የሰርዶ ሣር ከነአፈሩ ተነቅሎ ተነጥፏል።

መጋቢት 15፣ ቦረቦር

የላይኛው ቅርንጫፍ ወለሉ 10 በመቶ ይወርዳል። የክትሩ፣ ጎርፉን ለማብረድ ቦረቦሩን የሚያቋርጠው የድንጋይ ግድብ፣ ቁመት 1 ሜትር ሲሆን ርቀቱ ቁመቱ በ1.2 ተባዝቶ ለተዳፋቱ ሲካፈል 12 ሜትር ነው። መሠረት 50 ሴንቲ ሜትር፣ የጎን መግቢያ 70 ሴንቲ ሜትር፣ የውሃ ማሳለፊያው መሃል ላይ 1 ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት። ማሳለፊያው ከሁለቱ ጎን ዝቅ ማለት አለበት፤ ደረጃው እኩል ከሆነ ውሃው ጎኑን ሰርስሮ ያልፍና ክትሩ በደረቅ ቆሞ ይቀራል። ክብ የወንዝ ድንጋይ አይያያዝም፤ ማዕዘን ያለው ተፈልጦ መጥቷል።

የታችኛው ቦረቦር፣ ዋልካው ውስጥ ያለው 2.2 ሜትር ጥልቀት፣ ክትር አልተሠራለትም። በቅድሚያ ከውስጡ የሚሆነውን ማወቅ ይገባል። የ5 ሴንቲ ሜትር የፒቪሲ ቧንቧ የታችኛው 1 ሜትሩ ተበስቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከአፋፉ 4 ሜትር ርቆ 3 ሜትር ተቀብሯል። ከመሬት ውስጥ ያለውን ውሃ ከፍታ ለማየት ሦስት ቧንቧ ተተክሏል።

ሰኔ 18፣ ተከላ

ደሾ በእርከኑ ጀርባ ላይ በሁለት ረድፍ፣ በችግኝ መካከል 15 ሴንቲ ሜትር። ዝናብ አፈሩን አንድ ጋት ሳያረጥብ ቢተከል ይደርቃል። ከመቀልበሻው በላይ ትሪ ሉሰርን (የመኖ ዛፍ)፣ ከለላው ውስጥ ወይራና ኮሶ። ከለላው በመከላከል ብቻ የሚያገግም ስለሆነ ችግኝ የገባው ባዶ በሆነው ቦታ ብቻ ነው።

ሐምሌ 15፣ የተሰበረው

እርከኑ በሁለት ቦታ ተሰብሯል። አንደኛው የከብት መንገድ የሚያልፍበት ነው፤ ከብቱ ረግጦ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎታል፣ ውሃው ያን አግኝቶ ወጣ። ዕቅዱ የከብት መተላለፊያ አልነበረውም፤ ስህተቱ የዕቅዱ እንጂ የእረኛው አይደለም። ሁለተኛው ላይኛው ማሳ ያወጣው ፈሰስ በቀጥታ እርከኑ መሃል ላይ ስለተለቀቀ ነው። ባለማሳው ፈሰሱን ወደ ቦዩ ጅማሬ አዙሯል።

ጥገናው በጭቃ መሙላት አይደለም። የተሰበረው ጎን እንደ ደረጃ ይቆረጣል፣ በ15 ሴንቲ ሜትር ንብብር አፈር እየተጨመረ ይረገጣል፣ ፊቱ በድንጋይ ይለበጣል፣ ከፍታው 60 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን 75 ተደርጎ ይተዋል፤ አፈሩ ስለሚጠቀጠቅ። የከብት መተላለፊያው በድንጋይ ተነጥፎ ሁለት ሜትር ስፋት ተሰጥቶታል።

መቀልበሻው በሦስት ብርቱ ዝናብ 20 ሴንቲ ሜትር ደለል ይዟል። ከላይ ያለው የድንች ማሳ እስከ ቦዩ አፋፍ ታርሷል። ቦዩ ተጠርጓል፤ ከአፋፉ በላይ 2 ሜትር ሣር እንዲተው ባለማሳው ተስማምቷል። 0.25 በመቶ ማዘንበል ቦዩን ከመበላት ያድነዋል፣ ግን ደለል ያስቀምጣል። ጠራጊ ያልተመደበለት ቦይ ክረምቱን አይጨርስም፤ ለእያንዳንዱ 45 ሜትር ተጠያቂ የሆኑ አራት ቤተሰቦች ተመድበዋል።

ነሐሴ 9፣ ቧንቧው

ሲባጎ ላይ የታሰረ ትንሽ ድንጋይ ወደ ቧንቧው ወርዶ ውሃ ሲነካ ይሰማል። በመሃለኛው ቧንቧ ውሃው ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። የቦረቦሩ ወለል ግን 2.2 ሜትር ነው። አፋፉ ከውስጥ በውሃ ተነክሮ ወደ ባዶው እየገፋ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ይናዳል። ወለሉ ላይ ክትር መደርደር ይህን አያቆመውም፤ ናዳው ክትሩን ይቀብረዋል። ከላዩ ውሃ የሚያሰርግ ትሬንች መቆፈር ደግሞ ያባብሰዋል። በባሕር ዳር አካባቢ በደብረ ማዊ በቦረቦር ላይ የተደረገው ጥናትም ያሳየው ይህንኑ ነው።

ውሳኔው፦ በጥር የቦረቦሩ ራስና አፋፍ ወደ 45 ዲግሪ ይዘነበላል፣ ራሱ በጠጠርና በድንጋይ ይለበሳል፣ ጎኑ በሣር ይሸፈናል፣ በ10 ሜትር ዙሪያ ከብት አይገባም። ከመንገዱ ቱቦ የሚመጣው ውሃ ወደ መፋሰሻው ካልተዞረ ግን ይህም አይጸናም።

መውጫው ላይ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ የተቀባ የእንጨት መለኪያ ቆሟል። ውሃው ሲጨምር አንድ ሊትር ጠርሙስ ይቀዳል፣ ለአንድ ቀን ይቀመጣል፣ ከታች የተኛው ደለል በሚሊ ሜትር ይለካል። በሰኔና በሐምሌ መጀመሪያ ማሳው ባዶ ስለሆነ ደለሉ ከፍተኛ ነው፤ በነሐሴ ውሃው ቢበዛም ይቀንሳል። ይህን ያላወቀ የነሐሴን ጠርሙስ አይቶ ሥራው ሠራ ብሎ ይደመድማል።

መስከረም 13፣ ደንብና ቀጣዩ

ጉባኤው በልቅ ግጦሽ ላይ ተቀምጧል። እርከን የሚፈርሰው በጎርፍ ብቻ አይደለም፤ ከአዝመራ በኋላ ከብት ሲለቀቅ በታኅሣሥና በጥር ይረገጣል። የተወሰነው፦ በእርከን ማሳና በከለላ ላይ ከብት አይለቀቅም፣ ሣሩ ታጭዶ ይመገባል። የከለላው ሣር በየቤቱ ብዛት ይከፋፈላል፤ በሬ የሌለው ቤት ድርሻውን መሸጥ ይችላል። መሬት የሌላቸው ወጣቶች ከለላው ውስጥ ለንብ ማነብ ቦታ አግኝተዋል። የቅጣቱ መጠን ላይ ሁለቱ ቀበሌ አልተስማሙም፤ አንዱ በገንዘብ፣ አንዱ በሥራ ቀን ይሁን ይላል። እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ ከብት ከመለቀቁ በፊት፣ አንድ መሆን አለበት፤ ወሰኑ ላይ ያለ ከብት በሁለት ሕግ አይጠበቅም።

መፋሰሻው ክረምቱን ቆሟል። ከ28ቱ ደረጃዎች ሁለቱ፣ 11ኛውና 12ኛው፣ ንጣፋቸው ተነቅሏል፤ ድንጋዩ ትንሽ ነበር። ሣሩ የመጀመሪያ አጨዳ ደርሷል። ሦስተኛው ባለይዞታ ከማሳው ዳር የሚያልፈው 35 ሜትር እንዲለካለት ጠይቋል፤ ማክሰኞ በሲባጎ ይለካል፣ ከተስማሙበት 4 ሜትር ከበለጠ ችካሉ ይመለሳል።